ውሻና ድመታችሁ ሳይታመሙ የእንስሳት ክሊኒክ እንዴት ታማርጣላችሁ? (አዲስ አበባ ላላችሁ)

ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት፤ ለማን እንዳወጣችው ጎረቤቶቻችን ያውቃሉ። የአራት ወር ቡችላ እያለ አንድ ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ያስመልሰው ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። ስልኬ ውስጥ ሦስት የእንስሳት ሐኪም ቁጥር ነበረኝ። የአንዱ ስልክ ዝግ ነው። ሁለተኛው «ነገ ጠዋት አምጪው» አለኝ። ሦስተኛው «የት ሰፈር ነሽ?» አለኝ፤ ጀሞ ስለው ዝም አለ። እሱ ያለው አያት ነው።

መቻል ተረፈ። ፓርቮ ነበር፣ ቡችላን በትውከትና በደም ተቅማጥ የሚገድል ቫይረስ። አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰቅሎለት፣ ከስቶ አጥንቱ ቀርቶ፣ ግን ተረፈ። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ መድቤ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርኩ። የታመመ ውሻ ታቅፎ የሚያማርጥ ሰው የለማ፣ የተከፈተው በር ውስጥ ይገባል እንጂ። መመረጥ ያለበት ውሻው ደህና ሆኖ ጅራቱን በሚቆላበት ቀን ነው። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ድመት ያላችሁም አትሂዱ፣ የእናንተም አለበት።

1. ምን እንደምትፈልጉ ጻፉ

ግቢ የሚጠብቅ ትልቅ ውሻ ያለው ሰውና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ድመት የሚያሳድግ ሰው አንድ ዓይነት ክሊኒክ አይፈልጉም። ለግቢው ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት፣ የሆድ ትልና የመዥገር መድኃኒት፣ ሲነከስና ሲነክስ የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። ለድመቷ ደግሞ የድመት ክትባት የሚያስመጣና ድመት መያዝ የሚያውቅ ሐኪም። በእኛ ከተማ ብዙው ክሊኒክ እጁን የፈታው በውሻ ነው። «ድመትም እናያለን» ማለትና ድመት ማከም ይለያያል። ውሻውን ይዛችሁ ውጭ አገር ልትሄዱ ካሰባችሁ ያ ሌላ ጣጣ ነው፣ ወደታች እመለስበታለሁ።

ወረቀቱ ላይ ዕድሜውን፣ እስካሁን የተከተበውንና ክብደቱን ጻፉ። የእንስሳ ሚዛን ከሌላችሁ ውሻውን አቅፋችሁ የሰው ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ። የማይታቀፍ ከሆነ ደግሞ ክሊኒኩ ይመዝነዋል። መመዘኑን ግን ልብ በሉ፣ በኋላ ይፈለጋል።

2. ስም ሰብስቡ፣ ሦስት ይበቃል

ዘበኞችን ጠይቁ። የእኛ ሰፈር ጋሼ ዘበኛ የየትኛው ግቢ ውሻ የት ታክሞ እንደዳነ፣ የት ተወስዶ እንዳልተመለሰ በቃላቸው ያውቃሉ። የትኛውም የቴሌግራም ግሩፕ የእሳቸውን ያህል መረጃ የለውም። ካርታ ላይ ያለውን ኮከብ ከምትቆጥሩ ደግሞ መጥፎዎቹን አስተያየቶች አንብቡ። «ውድ ናቸው» የሚለውን እለፉት። «ማታ ደውዬ አላነሱም»፣ «ምን እንደሰጡት አልነገሩኝም» የሚለው ከተደጋገመ ግን ምልክት አድርጉበት።

ታፔላ አያምታታችሁ። የእንስሳት መድኃኒት ቤትና የእንስሳት ክሊኒክ አንድ አይደሉም። መድኃኒት ቤቱ የትል ክኒንና የመዥገር መድኃኒት ይሸጣል፣ አንዳንዱ ጓዳው ውስጥ መርፌም ይወጋል። ቤት ለቤት የሚዞሩ ሐኪሞችም አሉ። ለክትባትና ለጉልበተኛ ውሻ ግሩም ናቸው፣ ውሻው ሳይሸበር እዛው ግቢው ውስጥ ይታከማል። ግን ሐኪሙ ክትባቱን በምን ይዞት እንደሚመጣ እዩ። በበረዶ ሳጥን ነው ወይስ በጃኬት ኪስ? ክፍለ ከተማችሁ ያለው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ዘመቻ ሲኖር ይነግሯችኋል።

ከተሰበሰበው ስም ሦስቱን ምረጡ። አንዱ የግድ ለቤታችሁ የሚቀርበው ይሁን። ከሳሪስ ሲኤምሲ ድረስ በ11 ሰዓት ትራፊክ የሚያስመልስ ውሻ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው አልነግረውም።

3. ደውሉ

የምትጠይቁት ብዙ አይደለም። ሐኪሙ በየትኞቹ ቀናት ነው የሚገባው? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? (በሐበሻ ሰዓት መሆኑን አረጋግጡ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ ነው የሚናገረው፣ እኔ 8 ሰዓት ሲሉኝ በፈረንጅ መስሎኝ ጠዋት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።) የቡችላ ክትባት አሁን በእጃችሁ አለ? የድመትስ? ማታ ማን ያነሳል?

ከመልሱ ይልቅ እነሱ መልሰው የሚጠይቋችሁን ስሙ። «ቡችላ ላስከትብ ነበር» ስል አንዱ ክሊኒክ ዋጋውን ነግሮኝ ዘጋው። ሌላው ጋ ያነሳችው ልጅ «ስንት ሳምንቱ ነው? ይበላል? የትል መድኃኒት ወስዷል? እናቱ ተከትባ ነበር?» ብላ አራት ጥያቄ ደረደረችብኝ። ሁለተኛዋ ጋ ሄድኩ። ያመመው ቡችላ አይከተብምና ጥያቄዎቹ ወሬ ለማሳመር የመጡ አይደሉም።

4. እንስሳውን ሳትይዙ ሂዱና ፍሪጁን እዩ

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ፍሪጁን ነው የምላችሁ።

የውሻና የድመት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሲሞቅ ይበላሻል፣ የቀዘቀዘው በረዶ ሲሆንም ብዙው ዓይነት ይበላሻል። ችግሩ፣ የተበላሸ ክትባት በዓይን አይለይም። ውሻችሁ ይወጋል፣ ደብተሩ ላይ ማኅተም ይመታል፣ እናንተም ተከትቧል ብላችሁ ትተኛላችሁ። መቻል አንድ ጊዜ ተከትቦ ነበር። ያን ጊዜ የት እንዳስከተብኩት አልናገርም፣ ግን ፍሪጁን አላየሁም ነበር።

ስለዚህ በትሕትና «ዶክተር፣ ክትባቱ የሚቀመጥበትን ቢያሳዩኝ?» በሉ። ቅር የሚለው ካለ እሱም መልስ ነው። አንድ ቦታ ሲከፍቱልኝ ከብልቃጦቹ አጠገብ ግማሽ የተጠጣ ሚሪንዳና በላስቲክ የተቋጠረ ሽሮ ነበር። ቴርሞሜትር የለም። «መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት። ሳቅ ብሎ «ይመጣላ!» አለኝ።

ሌላው ቦታ ፍሪጁ ላይ በሲባጎ የታሰረ የተማሪ ደብተር ተንጠልጥሏል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 4፣ 5፣ 4፣ 6። አንድ ቀን ላይ 9 ተጽፎ በቀይ ተከቦ ነበር፣ ጎኑ ላይ «መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተር 40 ደቂቃ ዘገየ» ይላል። ያቺን ቀይ ክብ ሳይ ልቤ አረፈ። ስህተቱን የሚጽፍ ሰው ነው የምፈልገው።

ስታስከትቡ ደግሞ ብልቃጡን ሳይከፈት እዩት። ብዙው የቡችላ ክትባት ሁለት ብልቃጥ ነው፣ አንዱ ደረቅ ዱቄት መሰል፣ ሌላው ማሟሚያ ፈሳሽ። ፊታችሁ ተቀላቅሎ ወዲያው መወጋት አለበት። ጠዋት ተሞልቶ ሲጠብቅ የዋለ ሲሪንጅ ከመጣ አመስግናችሁ ውጡ። የብልቃጡ ስቲከር ተልጦ ደብተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ስሙ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይመጣል። ስቲከር የሌለው፣ «ተከትቧል» ብቻ የሚል ፊርማ ለምንም አይሆናችሁም።

እዛው እያላችሁ አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ። በረኪና በረኪና ከሸተተ ጥሩ ነው። የፓርቮ ቫይረስ በሳሙና ብቻ አይሞትም፣ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፣ በረኪና ግን ይገድለዋል። ጠረጴዛው በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ይጠረጋል? ደም የሚያስቀምጠው ቡችላ ለክትባት ከመጣው ጤነኛ ጋር አንድ ወንበር ሥር ይጠብቃል? አንዱ ክሊኒክ ፓርቮ የተጠረጠረውን በጓሮ በር ነው የሚያስገባው። ጓሮው ጭቃ ነው፣ ግን አሠራሩን ወድጄዋለሁ።

ግድግዳው ላይ የሙያ ፈቃድና ንግድ ፈቃድ ይኖራል። ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው አንድ መሆናቸውን ጠይቁ። የእንስሳት ጤና ረዳትና የእንስሳት ሐኪም ይለያያሉ። ረዳቱ ክትባት ቢወጋ፣ የትል መድኃኒት ቢሰጥ ምንም አይደለም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ከሐኪሙ የተሻለ እጅ አለው። ሆድ መክፈት ሲመጣ ግን ሐኪሙ ራሱ ይሁን።

5. ጤነኛውን እንስሳ ለትንሽ ነገር ውሰዱት

ለትል መድኃኒት፣ ለጥፍር፣ ለምርመራ። ሰበብ አይጠፋም።

መጀመሪያ ሚዛን። የትል ክኒን ብዙውን ጊዜ አንድ ፍሬ ለ10 ኪሎ ተብሎ ነው የሚሰጠው። መቻል ዛሬ 27 ኪሎ ነው። አንዱ በዓይኑ ለክቶ «ሃያ ይሆናል» ብሎ ሁለት ፍሬ ሰጠኝ። ትል ላይ ይሄ ትሉን አሳቆ መመለስ ነው። ማደንዘዣ ላይ ግን ወደላይም ወደታችም መሳሳት ሌላ ነገር ነው። ሳይመዝን መድኃኒት የሚሰጥ ክሊኒክ እኔ ጋ ወዲያው ይወድቃል።

ከዚያ ምርመራው። ደህና ሐኪም መርፌ ከማንሳቱ በፊት ድዱን ገልጦ ቀለሙን ያያል፣ ጆሮ ያሸታል፣ ልብ ያዳምጣል፣ ሆድ ይዳብሳል፣ ሙቀት ይለካል። የውሻና የድመት ሙቀት ከእኛ ይበልጣል፣ 38 ከምናምን እስከ 39 ድረስ ጤናማ ነው። ስለዚህ እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ «ትኩሳት አለው» ያለ ሰው ቴርሞሜትሩን ያምጣ።

ድመቴን ውሮን የወሰድኳት ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ነበር ያመጣኋት፣ ይቅር ይበለኝ። ሐኪሟ ማዳበሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አፉን ፈታችና ትታት ከእኔ ጋር ማውራት ጀመረች። ምን ትበላለች፣ አሸዋ ላይ ነው የምትሸናው፣ ስንቴ ወለደች። ወሬው መሃል ውሮ ጭንቅላቷን አወጣች። ሐኪሟ ፎጣ ጣል አደረገችባትና ፊቷን ብቻ ሸፍና ከኋላ በኩል መረመረቻት። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ከማድረጓ በፊት መዳፏ ውስጥ ጨብጣ አሞቀችው። ውሮ አንዴ እንኳ አልተነፋችም። ከዚያ በፊት የሄድንበት ቦታ ግን በማጅራቷ አንጠልጥለው ነበር የወጉን፣ «የወጉን» የምለው እኔንም ስለቧጨረችኝ ነው።

ስለ ክትባት የሚነግሯችሁንም መዝኑት። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይጀምራል፣ ከዚያ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይደገማል። የሚደገመው ለገንዘብ አይደለም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱን ይሽርበታል፣ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእብድ ውሻው ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ ዓመቱ ላይ ይደገማል። ለድመትም ከእብድ ውሻው ሌላ የራሷ አለ፣ የድመት ፓርቮ የሚሉትንና ሁለቱን የጉንፋን ቫይረሶች የሚከላከል። የሁለት ወር ቡችላ ይዛችሁ ሄዳችሁ «አንዴ ከተወጋ በቃው» ካሏችሁ በቃችሁ። እኔን ያሉኝ እንደዛ ነበር።

አንድ ጥያቄም ጣል አድርጉ፦ «ለውሻው ጥሬ ሳንባ እሰጠዋለሁ፣ ችግር አለው?» ደህናው ሐኪም ይቆጣችኋል። በግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እጢ ውሻ ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ደግሞ ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል። ፋሲካና ገና ሲመጣ ግቢው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው።

6. ዋጋ

ብር አልጽፍላችሁም። የውሻና የድመት ጥምር ክትባት ከውጭ ነው የሚገባው፣ ከዶላሩ ጋር ይወጣል፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ውሸት ይሆናል። ቢሾፍቱ የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ አለ፣ ዋና ሥራው ግን የከብት፣ የበግና የዶሮ ነው።

ካርድ ከካርድ አታወዳድሩ። «የቡችላዬ ክትባት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ካርዱ፣ ምርመራው፣ ሲሪንጁ፣ ደብተሩ፣ ሁሉም ተደምሮ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከዞርኩባቸው ሦስቱ ካርዱ ከሁሉ የረከሰው፣ ጓንቱንም ጥጡንም ለየብቻ እያስከፈለ በመጨረሻ ከሁሉ ውድ ሆኖ ተገኘ። ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ቴሌብር የሚቀበል ቢሆን ደስ ይላል፣ ግን እሱ ብቻውን መመዘኛ አይሆንም።

7. ለማምከን ወይም ለኦፕሬሽን ከሆነ

ይሄ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ወንዱን ማኮላሸት አጭር ሥራ ነው። ሴቷ ግን ሆዷ ይከፈታል፣ ዋጋውም ለዚህ ነው የሚለያየው። ስለዚህ የወንዱን ዋጋ ሰምታችሁ ለሴቷ አትዘጋጁ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐኪሙ ሲቀድ እስትንፋሱንና ልቡን ማን ይከታተላል? የሕመም ማስታገሻ ይሰጠዋል? (ማደንዘዣ አንድ ነገር ነው፣ ሲነቃ የሚያመው ሌላ። «ውሻ ይችለዋል» የሚል መልስ አልቀበልም፣ መቻል ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም።) መቼ ነው የምወስደው? በእግሩ ሳይቆም፣ ምላሱ ተጎልጉሎ አቅፋችሁ እንድትወስዱት ከፈለጉ ጥሩ አይደለም። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል፣ እሱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚደረገው ፕላስቲክስ?

ምግብ መቼ እንደሚያቆም እነሱ ራሳቸው ሊነግሯችሁ ይገባል። ጠይቃችሁ ካወቃችሁ ተጠራጠሩ። ሰው ቤት ደግሞ ማስጠንቀቅ አትርሱ፣ አያቶች «አንጀቱ ታጥፎ» ብለው ሌሊት ፍትፍት ያጎርሱታል።

8. ማታና በዓል

ማታ ይሠራሉ ወይ ብላችሁ ቀን አትጠይቁ። ማታ ደውሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አንድ እሑድ ደግሞ ጨምሩ። ማንም ካነሳ ይቅርታ ጠይቃችሁ «ለጥንቃቄ ነው፣ ድንገተኛ ቢገጥመኝ ልምጣ?» በሉ። ከእኔ ሦስቱ አንዱ ብቻ አነሳ። የፋሲካ ማግስትስ? የተቀቀለ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰካ ውሻ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ክሊኒኩም የሚዘጋው ያኔ ነው።

መጓጓዣውን አብራችሁ አስቡ። ራይድ ስትጠሩ ደውላችሁ ውሻ እንዳለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አሮጌ አንሶላ ያዙ። ሳይነግሩ መጥራት መንገድ ላይ መቅረት ነው፣ ሾፌሩም አይፈረድበትም።

ከክሊኒካችሁ አቅም በላይ ሲሆን ወዴት እንደሚልኩም ጠይቁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል። «ይሄ ከእኛ በላይ ነው፣ እዚህ ሂዱ» የሚል ክሊኒክ ሁሉንም እችላለሁ ከሚለው ይሻለኛል።

ሐኪም እስክታገኙ ድረስ የሰው መድኃኒት አትስጡ። ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል ያላችሁት ያው፣ አንዲት ፍሬ ድመት ትገድላለች። ለውሻ ወይም ለከብት የተሠራ የመዥገር መድኃኒትም ድመት ላይ አታድርጉ። አይቡፕሮፌን ለውሻም አይሆንም።

ውሻው ሰው ከነከሰ ግን ይሄ የእንስሳት ክሊኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ቁስሉን በውኃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ሰዓት እያያችሁ፣ ከዚያ ወዲያው ጤና ጣቢያ። ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሰው እስካሁን ፓስተር የሚለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ቦታ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፣ ክትባቱን ግን አስቀድሙ። ውሻውን አትግደሉት፣ አስራችሁ 10 ቀን ይታይ።

9. ውጭ አገር ይዛችሁት ከሆነ የምትሄዱት

ማይክሮቺፕ (ቆዳ ሥር የሚገባ፣ የእንስሳው መለያ ቁጥር ያለበት ቅንጣት) የሚያስገባና የሚያነብ ክሊኒክ ፈልጉ፣ ማንበቢያውን በዓይናችሁ እዩት። ቺፑ ከእብድ ውሻው ክትባት በፊት ነው መግባት ያለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ክትባቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

አሜሪካ ከኦገስት 1፣ 2024 ጀምሮ ሕጉን አጥብቃለች። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ እዚህ የተከተበ ውሻ ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ ሐኪሙ የሞላው ፎርምና ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ውጤት ያለው መሆን ይኖርበታል (የደም ውጤቱ ከሌለ ማቆያው ውስጥ 28 ቀን ይቆያል)፣ የሚያርፍበትም የተመዘገበ ማቆያ አስቀድሞ ይያዛል። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደም የሚሰጠው ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ነው፣ ከደሙ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ይጠበቃል። ለአውሮፓ ድመትም ያው ነው። ቪዛ ወጣ ብላችሁ በሁለት ሳምንት የምትጨርሱት አይደለም። «በሳምንት እጨርስላችኋለሁ» የሚል ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

10. ወስኑ

ሦስቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። እኔ ፍሪጅ፣ ሚዛን፣ ማታ ስልክ፣ ዋጋ ብዬ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የመዘንኩት። ፍሪጅና ሚዛን ላይ የወደቀውን ስልኩንም ዋጋውንም ሳላይ ሰረዝኩ። የቀሩት ሁለቱ ነበሩ። ደብተር ያንጠለጠለውን ለሁልጊዜው ያዝኩ፣ ውድነቱ መሃል ላይ ነው፣ ከቤቴም ትንሽ ይርቃል። ማታ ስልክ ያነሳው ለድንገተኛ ሆነ። ለውሮ ያቺ መዳፏ ውስጥ የምታሞቀዋ ሐኪም አለች፣ እሷ እዛው ደብተር ያንጠለጠለው ክሊኒክ ማክሰኞና ዓርብ ትገባለች።

ቁጥራቸውን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፋችሁ ወጥ ቤት በር ላይ ለጥፉ፣ እናንተ ሥራ ላይ ሳላችሁ ቤት ያለው ሰው እንዲያገኘው። የክትባት ደብተሩን ከነስቲከሩ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት።

የመቻል ቀጣይ ክትባት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልገባም ይላል፣ 27 ኪሎውን ይዞ። ለዚህ እስካሁን መላ አላገኘሁም። የክሊኒኩ ዘበኛ ከኋላ እየገፉ፣ እኔ ከፊት በቁራጭ ዳቦ እያባበልኩ ነው የምናስገባው፣ ዳቦውንም በር ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል።